ታይታኒክን አይቶ ማልቀስ፦ ሰው የሚለውና እውነታው

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ታይታኒክን ለመጀመሪያ ጊዜ አይታ አይኗ በርበሬ መስሎ ሳሎን መጣች፣ ከዛማ ቤቱ ሁሉ ተንታኝ ሆነ። አንዱ "መርከቧ እንደምትሰምጥ አታውቂም ነበር እንዴ" ይላል፣ ሌላው "ዘፈኑ ነው ያስለቀሰሽ" ይላል፣ አጎቴ ደግሞ ቡናውን ፉት እያለ "ለፈረንጅ ሬሳ ነው እንዲህ ምትሆኚው?" አላት። እኔ ያኔ ዝም አልኩ ግን ከንክኖኝ ቀረ፣ ምክንያቱም ፊልሙ በፈረንጆቹ 1997 ከወጣ ጀምሮ እነዚህኑ ነገሮች ስሰማ ነው የኖርኩት፣ አብዛኞቹ ደግሞ ልክ አይደሉም።

"መጨረሻው የታወቀ ፊልም አያስለቅስም"

ይሄ ዋናው ስህተት ነው። መርከቧ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 15፣ 1912፣ በኛ ሰአት አቆጣጠር ከሌሊቱ 8፡20 ላይ እንደሰጠመች አለም ያውቃል። ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮንም ለመደበቅ ምንም አልሞከረም፣ ገና መጀመሪያ ላይ ታሪኩን የምትተርከው አሮጊቷ ሮዝ ፊት መርከቧ እንዴት ለሁለት ተሰብራ እንደገባች በኮምፒውተር ቁጭ አርገው ያሳዩናል፣ ሮዝ እንደተረፈችም ያው እያየናት ነው። ታዲያ ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ 15 ተከታታይ ሳምንት በገቢ አንደኛ የሆነው ሰው ምን ሊያይ እየሄደ ነው? ማወቁ ራሱ እኮ ነው አንጀት የሚበላው። ፍቅረኞቹ ጃክና ሮዝ መርከቧ አፍንጫ ላይ እጃቸውን ዘርግተው የቆሙባት ትእይንት ላይ ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታመመም፣ ፀሀይ እየጠለቀች ነው በቃ፣ ከዛ አሮጊቷ ሮዝ መርከቧ የቀን ብርሃን ያየችው ለመጨረሻ ጊዜ ያኔ እንደነበር ትነግረናለች። የሞተ ሰው የሰርግ ቪዲዮ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንደዛ ነው፣ ሆድ የሚብሰው ሰውየው ሲስቅ ነው።

"ወንድ አያለቅስም፣ የሴት ብቻ ፊልም ነው"

ሴቶች ከወንዶች ቶሎ ቶሎ እንደሚያለቅሱ ጥናቶችም ይላሉ፣ እሱን አልክድም። ግን "ብቻ" የሚለው ነው ውሸቱ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው፣ ታላቅ ወንድሜ ነው የወሰደኝ፣ ካሴቱ ሁለት ስለሆነ መሀል ላይ መብራት በርቶ ሲቀየር ሁሉም ያወራል ይሳሳቃል። ሁለተኛው ካሴት አልቆ መብራት ሲበራ ግን ያ ሁሉ ጎረምሳ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድሮ ጫማውን ነው ሚያየው፣ አንዱ ይስላል፣ አንዱ ጃኬቱን ፊቱ ላይ ያወልቃል። ወንድሜ መንገድ ላይ "ቤቱ አቧራ አለው" አለኝ። እስከዛሬ አቧራ ነው ይላል።

"አልቅሶ የወጣለት ወዲያው ይቀለዋል"

ግማሹ እውነት ነው፣ "ወዲያው" የምትለዋን አውጡልኝ እንጂ። ኔዘርላንድ ቲልበርግ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2015 ባወጡት ጥናት 60 ሰዎችን አሳዛኝ ፊልም አሳይተው ስሜታቸውን ደጋግመው ለኩ። ያለቀሱት ፊልሙ እንዳለቀ ሙዳቸው ይብስ ወረደ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ወደነበረበት ተመለሰ፣ ከ90 ደቂቃ በኋላ ግን ፊልሙን ከማየታቸው በፊት ከነበረው ተሻለ። ያላለቀሱት ላይ ብዙም ለውጥ የለም። ስለዚ አልቅሳ የወጣችን ልጅ በሩ ላይ ጠብቃችሁ "እሺ አሁን ቀለለሽ?" አትበሉ፣ ቡናው እስኪፈላ ተዋት።

"ያስለቀሰው የሴሊን ዲዮን ዘፈን ነው"

በግጥም የሚሰማው እኮ ፊልሙ አልቆ ስም ሲወጣ ነው፣ ሰው እዛ ሳይደርስ ነው ሚያለቅሰው። ካሜሮን ጭራሽ ዘፈን አልፈልግም ብሎ ነበር፣ ሙዚቃውን የሰራው ጄምስ ሆርነር ነው በድብቅ አስቀርፆ በኋላ ያሰማው። ግን ዜማው ያለ ቃል፣ በዋሽንት በሚመስል ድምፅና በሴት እንጉርጉሮ፣ ፊልሙ ውስጥ በደስታው ሰአት ቀድሞ ይገባል፣ ኋላ መከራው ሲመጣ ያው ዜማ ተመልሶ ይመጣና ያቺን ደስታ ያስታውሳል። በዚህ በኩል ከሆነ ሙዚቃው እጁ አለበት።

"በሩ ላይ ለሁለት ይበቃቸው ነበር፣ ጃክ መሞከር አቅቶት ነው"

በሩ የሚሉት መርከቧ ከሰጠመች በኋላ ሮዝ ላዩ ወጥታ የተረፈችበትን፣ ጃክ ግን ውሀ ውስጥ ሆኖ የሞተበትን ተንሳፋፊ እንጨት ነው። ሞክሯል! ሰው ይቺን ለምን እንደሚረሳት አይገባኝም፣ ሊወጣ ሲል እንጨቱ ተገልብጦ ሮዝም ውሀ ውስጥ ገብታለች። ያ ውሀ ደግሞ ጨው ስላለው ነው እንጂ ያልረጋው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አካባቢ ነበር። ካሜሮን በዚህ ክርክር መሮት በፈረንጆቹ 2023 ናሽናል ጂኦግራፊክ ቴሌቪዥን ላይ በሰው አስሞከረው፣ ከሙከራዎቹ በአንዱ ጃክ ሊተርፍም ይችል እንደነበር ታየ፣ ሆኖም ብዙ ነገር መገጣጠም ነበረበት። እኔን የሚገርመኝ ግን የእንጨቱ ስፋት ሳይሆን ሰው 25 አመት ሙሉ መለካቱ ነው። ይሄ ክርክር ለቅሶ ቤት የምንሰማው ነው፣ "ያኔ ሌላ ሀኪም ቤት ቢወስዱት ኖሮ"፣ "ያን ቀን ባይወጣ ኖሮ"። በሩ ላይ ሚቀልደው ሰውዬ ጃክ መሞቱን ገና አልተቀበለም ብዬ ነው ማስበው።

"ለሌለ ሰው ማልቀስ ነው"

የአጎቴ ነገር እዚህ ይመጣል። ጃክና ሮዝ ፈጠራ ናቸው፣ ልክ ነው። ግን የእህቴን ልጅ ቆይቼ የቱ ጋ እንዳለቀሰች ስጠይቃት "ለጃክ አይደለም እኮ" አለችኝ። ሶስተኛ ማእረግ ያለችው እናት መውጫ እንደሌለ ሲገባት ሁለት ልጆቿን አስተኝታ ተረት የምትነግራቸው ቦታ ነው አንዴ፣ ሁለተኛው ደግሞ ውሀው ከስር እየገባ አልጋ ላይ ተቃቅፈው የተኙት ሽማግሌና አሮጊት። የሷ አያቶች ከሞቱ ገና ሁለት አመታቸው ነው፣ ሌላ ምን ልበል። እኛ ሀገር ሟቹን በቅጡ የማታውቅ ሴትዮ ከሁሉ በላይ ስታለቅስ "የራሷን አስታውሳ ነው" ተብሎ ይታለፋል፣ ማንም አስመሳይ አይላትም፣ ሲኒማ ሲሆን ለምን ይቀየራል?

ደግሞ እነዚያ ሽማግሌና አሮጊት የተወሰዱት ከእውነተኛ ሰዎች ነው፣ ኢሲዶር እና አይዳ ስትራውስ፣ ባልና ሚስት፣ እሱ 67 እሷ 63 አመታቸው ነበር፣ እሱ ኒውዮርክ ካለው የሜሲስ መደብር ባለቤቶች አንዱ። አልጋ ላይ መተኛታቸው የፊልም ነው፣ በእውነቱ መጨረሻ የታዩት መርከቧ ላይ አብረው ሆነው ነው። እሱ ሴትና ህፃን ሳይወጣ ጀልባ አልገባም አለ፣ እሷ ጀልባው ላይ ቦታ እያላት ትቼው አልሄድም አለች፣ የፀጉር ኮቷን ለሰራተኛዋ ሰጥታ ቀረች። የሱ ሬሳ ተገኝቷል፣ የሷ ግን እስከዛሬ አልተገኘም።

ይሄን ለአጎቴ ማታ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ "ቦታ እያላት?" አለኝ። አዎ አልኩት። "እምቢ አለች?" አለኝ ደግሞ። ከዛ ያ ፊልም ስልክህ ላይ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።