ፖሊሽ ቀለም አይጨምርም፦ ፀሐይ ስለበላው መኪና የምንሳሳታቸው ነገሮች

አዳማ ውስጥ አሮጌ ቀይ ኮሮላ ይዞ መዞር ምክር አያሳጣም። የኔዋ ጣራና ኮፈኗ ቀይ መሆናቸው ቀርቶ ሮዝ ሆነው ነበር። በጣት ስትነኳት ጠመኔ የነካችሁ ይመስል ዱቄቱ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ያያት ሁሉ መድኃኒት ያዝዝላታል። ከሰማኋቸው ምክሮች ግን የሚበዙት ስህተት ነበሩ።

«ይሄ ቀለም ሞቷል፤ አዲስ ካልተቀባ አይሆንም»

የሞተው የላዩ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ቀለሙን አጣብቆ የያዘውን ሙጫ መሰል ነገር ይሰባብረዋል። ያኔ የቀለሙ ብናኝ የሚይዘው ያጣና ዱቄት ሆኖ ላይ ይቀራል። ከስሩ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ትላለች፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚያ ላይ ፀሐይዋ የምትወርደው ከአናት ነው። በሮቹ ደህና ሆነው ጣራውና ኮፈኑ የሚነጡት ለዚህ ነው። ቀይ መኪና ደግሞ ከሌላው ይብሳል።

ፖሊሽ ማድረግ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ኮምፓውንድ (ፖሊሽ የሚደረግበትን ክሬም) አድርጋችሁ የማይታይ ቦታ እሹ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ፣ ከላይ ክሊር (ቀለሙ ላይ የሚደረብ ቀለም አልባ ሽፋን) የሌለው የድሮ ቀለም ነው። ደስ ይበላችሁ፣ እንዲህ ያለው በደንብ ይመለሳል። ጨርቁ ቀለም ካልያዘ ክሊር አለው ማለት ነው። ክሊሩ ደብዝዞ ብቻ ከሆነ ይጸዳል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መነሳት ከጀመረ ግን የፖሊሽ ማሽን አያድነውም፤ ቀለም ቀቢ ጋ ነው የሚኬደው። ጎረቤቴን ይህን ብለው አልሰማኝም። ቅዳሜውን ሙሉ ፈትጎ ፈትጎ፣ መዳፍ የምታክለውን ልጣጭ ትሪ አሳከላት።

«ፖሊሽ ለቀለሙ ምግብ ነው»

የስህተቶች ሁሉ አባት ይሄ ነው። ኮምፓውንድ ማለት እጅግ የደቀቀ የብርጭቆ ወረቀት በክሬም መልክ ማለት ነው። አይጨምርም፤ ይልጣል። የመኪና ቀለም ከስሩ ከሚቀባው ፕራይመር ጋር ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ የሁለት ፀጉር ውፍረት ያህል። ክሊሩ ለብቻው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። እያንዳንዱ ፖሊሽ ከዚህ ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ በየበዓሉ ፖሊሽ የሚያስደርግ ሰው መኪናውን እየጠቀመ እንዳይመስለው።

«ማሽኑ ሲፈጥንና ሲጫኑት ነው የሚያምረው»

አንድ ጋራዥ ውስጥ ግራይንደር (የብረት መቁረጫ ማሽን) ላይ ስፖንጅ ገጥሞ ሲሠራ ያየሁት ልጅ አለ። ትንሽ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይዞራል። የፖሊሽ ማሽን ከ3,000 ብዙም አያልፍም፤ ያውም ዝቅ ተደርጎ ይጀመራል። የበሩ ጠርዝ ቀለሙ ተልጦ ዓይናችን እያየ ግራጫ ሆነ። ልጁ «ቀለሙ ድሮም ደካማ ነበር» አለ።

የፖሊሽ ማሽን በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቀጥ ብሎ ብቻ ይዞራል፤ ኃይለኛ ነው፣ አንድ ቦታ ከቆየ ግን በሙቀት ያቃጥላል። ሌላው እየዞረ ይወዛወዛል፤ ቀስ ይላል፣ የጀማሪን ስህተት ይችላል። ለራሱ መኪና ለሚሠራ ሰው ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የስፖንጁ መያዣ ጎን ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምሩ። እየሠራችሁ መስመሩ መዞሩን ካቆመ፣ ወይ ከመጠን በላይ ተጭናችኋል፣ ወይ ማሽኑ ተንጋዷል።

ጠርዝና መታጠፊያ ላይ ቀለሙ ቀጭን ነው። የወረቀት ቴፕ ለጥፉበት።

«ስፖንጅ ያው ስፖንጅ ነው»

አይደለም። ጠንካራው ይልጣል፣ ለስላሳው ያበራል። በቀለሙ አትመኑ፤ የአንዱ ፋብሪካ ቢጫ ጠንካራ ሲሆን የሌላው ቢጫ ለስላሳ ሊሆን ይችላል። በእጃችሁ ጨመቅ አድርጋችሁ ለዩ። ፀሐይ የበላው መኪና ላይ ትልቁ ጣጣ ደግሞ ስፖንጁ ቶሎ በሞተ ቀለም መደፈኑ ነው። የኔው ኮፈኑን ሳልጋምስ በርበሬ የተለወሰበት መሰለ። የተደፈነ ስፖንጅ መቁረጡን ትቶ ያንኑ ቆሻሻ መልሶ ይቀባል። በየመሀሉ በብሩሽ አራግፉት፤ ሦስት አራት ስፖንጅ ካላችሁ ደግሞ ቀያይሩ። ኮምፓውንድም አታብዙ። አተር የሚያክል አራት ጠብታ፣ ክንድ በክንድ ለሚሆን ቦታ ይበቃል። በቁመት፣ ከዚያ በአግድም፣ ቀስ እያላችሁ ሂዱ።

«ፀሐይ ላይ ቢሠራ ቶሎ ያልቃል»

ቶሎ የሚያልቀው ኮምፓውንዱ ነው። የጋለ ቆርቆሮ ላይ ይደርቅና ይጣበቃል፣ ይጭራል። እኔ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሬ 3 ሰዓት ላይ አቆማለሁ። ነፋሱም አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የቆሙት ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም። ስፖንጁ ስር የገባ አሸዋ ክብ ክብ ጭረት ይተዋል፤ አስቀድማችሁ በደንብ እጠቡ፣ ከተቻለም ግድግዳ ከልሎ በያዘ ጥላ ስር ሥሩ።

«ናፍታ ወይም ሰም ይበቃዋል»

ናፍታ ያብለጨልጫል፣ እስከ ማግስቱ። ከዚያ አቧራ ይሰበስባል። ሰም ግን ከፖሊሽ በኋላ ግድ ነው። የሞተ ቀለም አይመልስም፤ የተመለሰውን ይጠብቃል። በየሁለት ሦስት ወሩ ይደገም። በልብስ ዱቄት ሳሙና የምታጥቡ ከሆነ ደግሞ ሰሙን ራሳችሁ ገፈፋችሁት ማለት ነው።

ኮሮላዬ አሁን ቀይ ናት። ኮፈኗ መታጠፊያ ላይ ብቻ ጣት የምታህል ግራጫ መስመር አለች። የላቫጆው ልጅ ባጠባት ቁጥር «ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?» ይለኛል። ቴፕ ያለቀብኝ እዚያ ጋ ነበር።