ነጥቦችን በምድብ ቀለም መለየት ምንድን ነው?

ሰሞኑን የጣና ዙሪያን የመሬት ሽፋን የሚያሳይ ካርታ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። ጎኑ ላይ ከ10 እስከ 90 የሚሄድ የቀለም መለኪያ አለው። ከጥቁር ሐምራዊ ይነሣል፣ በአረንጓዴ ያልፋል፣ ቢጫ ላይ ያበቃል። አንድ አስተያየት ሰጪ ከሥሩ ረጅም ትንታኔ ጽፏል። ቀለሙ ወደ ቢጫ በቀረበ ቁጥር የመሬቱ ጉዳት እየከፋ ይሄዳል ይላል። ብዙ ሰው ተስማምቶለታል።

ትንታኔው ስህተት ነው። ስህተቱ የመጣው ግን ከካርታው ነው። በዚያ ካርታ ላይ የሚጨምርም የሚቀንስም ነገር የለም። 10 ዛፍ ነው። 20 ቁጥቋጦ፣ 30 የሣር መሬት፣ 40 እርሻ፣ 50 ሕንፃና ከተማ፣ 60 ራቁት መሬት፣ 80 ውሃ፣ 90 ረግረግ ነው። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ወርልድከቨር በተባለው ዳታው ላይ ለእያንዳንዱ ሽፋን የሰጠው መለያ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። እንግዲህ ሰውየው እጅግ ተጎድቷል ያለው ቢጫ ቦታ ደንገል የሚበቅልበት የጣና ዳር ረግረግ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የተጎዳው ደግሞ ሐይቁ ራሱ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን ዓይነት ካርታ በተደጋጋሚ ስላየሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ነጥቦችን በምድብ ቀለም መለየት ሲጀመር ቀላል ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት መገኛ ቁጥሮች አሉት። እነሱ ነጥቡ የት እንደሚያርፍ ይናገራሉ። ሦስተኛው አምድ ነጥቡ ምን እንደሆነ ይናገራል። ሦስተኛው አምድ የዝናብ መጠን ወይም ከፍታ ከሆነ ቀለሙ "ስንት ነው?" ለሚለው ይመልሳል። የአፈር ዓይነት፣ የመሬት ሽፋን ወይም የውሃ ተቋም ዓይነት ከሆነ ግን ቀለሙ "የቱ ነው?" ለሚለው ብቻ ይመልሳል። ሁለት ነጥቦች አንድ ዓይነት ቀለም ካላቸው አንድ ምድብ ናቸው። ቀለማቸው ከተለያየ የተለያየ ምድብ ናቸው። ከዚህ በላይ የሚለው የለም። የትኛው ይበልጣል፣ የትኛው ለየትኛው ይቀርባል፣ በመሀል ምን አለ የሚሉ ጥያቄዎች እዚህ ቦታ የላቸውም።

አስቸጋሪው ነገር ምድብ በቁጥር ሲጻፍ ነው። ቁጥር ያየ ሰው መቁጠር ይጀምራል። የአዲስ አበባን የከተማ አውቶቡስ አስቡት። ግንባሩ ላይ ቁጥር አለው። ቁጥሩ መስመሩን ይለያል እንጂ መጠን አይናገርም። 40 ቁጥር ከ20 ቁጥር እጥፍ አይርቅም፣ እጥፍ ሰውም አይጭንም። 6 ቁጥርና 8 ቁጥር አንድ ፌርማታ ላይ ስለቆሙ 7 ቁጥር በመሀላቸው ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ተሳፋሪ የለም። አሁን አንድ ሰው አውቶቡሶቹን በሙሉ በቁጥራቸው መጠን ከነጣ እስከ ጠቆረ ቀለም ቢቀባቸው ምን ይሆናል? ቁጥራቸው የተቀራረበ ሁለት አውቶቡሶች አንዱ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ደቡብ እየሄዱ ቀለማቸው አንድ ይመስላል። መንገደኛውም ከሩቅ አይቶ የተሳሳተው ላይ ይሳፈራል። መርካቶ ቆሞ የሚያልፉትን ቁጥሮች ደምሮ ቢያካፍል ደግሞ የሚያገኘው ውጤት የትም አያደርሰውም። የጣናው ካርታ የተቀባው እንደዚህ ነው።

"ቀለሙን እኮ ኮምፒዩተሩ ነው የመረጠው" የሚል መልስ በብዛት እሰማለሁ። ኮምፒዩተሩ የመረጠው ቁጥር ስለተሰጠው ነው። ማትፕሎትሊብ በሚባለው የሥዕል መሣሪያ ላይ ነጥብ ስትበትኑ ለቀለም የቁጥር ዝርዝር ከሰጣችሁት፣ ትንሹን ቁጥር አንድ ጫፍ፣ ትልቁን ሌላ ጫፍ ላይ ያደርገዋል። የቀሩትን በመሀል እንደ ርቀታቸው ያከፋፍላቸዋል። ሌላ ካልመረጣችሁለት የሚጠቀመው ቪሪዲስ የሚባለውን የቀለም ቅልቅል ነው፤ ያ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ቪሪዲስ በጣም ጥሩ ቅልቅል ነው። የተሠራው ግን ለመጠን ነው።

ስሞችን በቀጥታ ብትሰጡት፣ ማለትም "ዛፍ"፣ "እርሻ" ብላችሁ፣ ፕሮግራሙ እንቢ ብሎ ስህተት ያወጣል። ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ስህተቱን ለማጥፋት ስሞቹን ወደ ቁጥር ይለውጣሉ። ፓንዳስ የሚባለው የሠንጠረዥ መሣሪያ በፊደል ተራ ደርድሮ 0፣ 1፣ 2 ይላቸዋል። ስህተቱ ይጠፋል፣ ሥዕሉ ይወጣል፣ ያምራልም። ጎኑ ላይ ያለው መለኪያ ግን 0.5 እና 1.5 የሚል ምልክት ይዞ ይመጣል። እርሻ 1 ከሆነ 1.5 ምንድን ነው? መለኪያው ላይ እንደዚህ ያለ ቁጥር ካያችሁ ሥዕሉ መጠን መስሎት ነው የሳለው።

መፍትሔው አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ስም አንድ ቀለም የሚሰጥ መዝገብ ጻፉ። ዳታውን በምድብ ከፋፍሉና እያንዳንዱን በራሱ ቀለም፣ በራሱ ስም ለየብቻ ሳሉት። መለኪያው ይቀራል፤ በቦታው የቀለምና የስም ዝርዝር ይመጣል። ጂኦፓንዳስ በሚባለው የካርታ መሣሪያ ላይ ምድብ መሆኑን የሚነግረውን አማራጭ ማብራት ይበቃል። ሲቦርን በሚባለው ሌላ የሥዕል መሣሪያ ላይ አምዱ ቁጥር ከሆነ መጀመሪያ ወደ ጽሑፍ ቀይሩት። ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ፕሮግራም ላይ ለነጥብና ለቅርጽ "ካተጎራይዝድ" የሚለውን ምረጡ፤ "ግራጁዌትድ" የሚለው ለመጠን ነው።

ከማቅለሙ በፊት የሚመጣ ሌላ ጥፋት አለ። እሱ የባሰ ነው፤ ዳታውን ራሱን ይለውጣል። ዳታው እያንዳንዳቸው 10 በ10 ሜትር ከሆኑ ትንንሽ ካሬዎች የተሠራ ነው። ሰው ሲከብደው ያሳንሰዋል፣ ወይም ወደ ሌላ የመገኛ ሥርዓት ያዞረዋል። በዚያን ጊዜ ፕሮግራሙ አዲሶቹን እሴቶች እንዴት ላስላ ብሎ ይጠይቃል። ባይሊኒየር የሚለውን ከመረጣችሁ የጎረቤቶቹን አማካይ ይወስዳል። የእርሻ 40 እና የውሃ 80 አማካይ 60 ነው። 60 ራቁት መሬት ነው። ወደ እርሻው ሲያደላ 50 ይሆናል። 50 ከተማ ነው። ስለዚህ ጣና ዙሪያውን የሕንፃና የራቁት መሬት ቀለበት ይታሠርለታል። ማንም ያልሠራው ከተማ ማለት ነው። ይህን ቀለበት "የሐይቁ ዳር መራቆት" ብሎ የሚተነትን ሰው ሲመጣ በጣም አዝናለሁ፤ ምክንያቱም የጣና ዳር እውነተኛ ችግር አለበት፣ እምቦጭም አለበት፣ በተሳሳተ ካርታ የሚቀርብ አቤቱታ ደግሞ እውነተኛውን ችግር ያሳጣዋል። ለምድብ ዳታ የቅርቡን ጎረቤት እንዳለ የሚወስደውን ስሌት ምረጡ። ከ10 ወደ 100 ሜትር ስታሳንሱ ደግሞ በብዛት የተገኘውን ምድብ የሚወስደው ይሻላል። እሱም ቢሆን ጠባብ ነገሮችን፣ ለምሳሌ የወንዝ ዳር ዛፎችን፣ ይውጣቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩ ነገር ማንሣት አለብኝ። ስም ሆነው ተራ ያላቸው ምድቦች አሉ። በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ስሞች ናቸው፤ ግን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ የሚወጡ ናቸው። ቆላ በተለመደው አከፋፈል ከ500 እስከ 1500 ሜትር ነው። ውርጭ ከ3200 ሜትር በላይ ነው። ለእነዚህ ከነጣ ወደ ጠቆረ የሚሄድ ቀለም መስጠት ትክክል ነው፤ እንዲያውም የማይገናኙ ቀለማት መስጠት ያለውን መረጃ ይደብቃል። ተራውን ግን እናንተ ንገሩት። ለኮምፒዩተሩ ከተዋችሁት በፊደል ተራ ያስቀምጣቸዋል፦ ቆላ፣ በረሃ፣ ወይና ደጋ፣ ውርጭ፣ ደጋ። ውርጭ ከደጋ በታች ወረደ፣ በረሃ ከቆላ በላይ ወጣ። ሥዕሉ ምንም ስህተት አያሳይም።

በአማርኛ ዳታ የሚሠራ ሰው ሌላም ጣጣ አለበት። አንዱ መዝጋቢ ስለ አንድ የውሃ ጉድጓድ "የሚሠራ" ብሎ ጽፏል። ሌላው "የሚሰራ" ብሏል። ለእኛ አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተሩ ሁለት ምድብ ናቸው፤ ሁለት ቀለምም ይሰጣቸዋል። "ጸ"ና "ፀ"፣ "ሀ"ና "ሐ"፣ "አ"ና "ዐ" ሁሉ እንደዚሁ ናቸው። "ወይና ደጋ" እና "ወይናደጋ" ሌላ ሁለት። ከስም በኋላ የቀረች አንዲት ባዶ ቦታም ሌላ ምድብ ትወልዳለች። ስለዚህ ከመሳል በፊት የምድቦቹን ዝርዝር ከነብዛታቸው አውጥታችሁ ተመልከቱ። ሦስት ምድብ ጠብቃችሁ ሰባት ካገኛችሁ ችግሩ ፊደል ላይ ነው። የአማርኛ ጽሑፉ በሥዕሉ ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከወጣ ደግሞ ፎንቱ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን አስገቡለት።

የቀለም ብዛትም ገደብ አለው። ማትፕሎትሊብ በራሱ የሚያፈራርቃቸው ቀለማት አሥር ናቸው። አሥራ አንደኛው ምድብ የመጀመሪያውን ቀለም መልሶ ይለብሳል፤ ማስጠንቀቂያ የለም። አሁን ኢትዮጵያ ውስጥ 12 ክልሎችና ሁለት የከተማ አስተዳደሮች አሉ። ነጥቦችን በክልል ለይታችሁ ካቀለማችሁ አራቱ ከሌሎች አራት ጋር በአንድ ቀለም ይወጣሉ። ይህ አይቶ የሚያልፉት ነገር አይደለም። ለካርታ ቀለም የሚያስመርጠው የከለርብሩወር የምድብ ቀለማት ቢበዛ 12 ላይ ይቆማሉ፤ ዓይን ከዚያ በላይ ለመለየት ስለሚቸገር ነው። 14 ካላችሁ ቀለምን ከነጥብ ቅርጽ ጋር አጣምሩ፣ ወይም ካርታውን ከፋፍላችሁ ሳሉ።

"ለማንኛውም ካርታ አራት ቀለም ይበቃል፣ በሒሳብ ተረጋግጧል" ብሎ የሚከራከር አለ። ተረጋግጧል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 አፔልና ሃከን በኮምፒዩተር እገዛ አረጋግጠውታል። ነገር ግን እሱ ስለ ድንበርተኞች ነው የሚናገረው። ሁለት ጎረቤት ግዛቶች አንድ ቀለም እንዳይኖራቸው አራት ይበቃል ነው የሚለው። እዚያ ቀለሙ ትርጉም የለውም፤ ራቅ ያሉ ሁለት ግዛቶች አንድ ቀለም ቢይዙ ምንም አይደለም። በምድብ ካርታ ላይ ግን አንድ ቀለም ማለት አንድ ምድብ ነው። ክርክሩ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም።

የውሃ ተቋማትን በሚሠራና በማይሠራ ለይቶ አረንጓዴና ቀይ መቀባት የተለመደ ነው። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ወንዶች፣ በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። ሰማያዊና ብርቱካናማ ብታደርጉት ምንም አይጎድልባችሁም። ሌላው፣ ነጥቦች ሲደራረቡ በመጨረሻ የተሳለው ምድብ ከላይ ይሆናል። በፊደል ተራ ስትስሉ "የሚሠራ" ሁልጊዜ ከ"የማይሠራ" በፊት ይሳላል፤ ስለዚህ ጥቅጥቅ ባለ ቦታ የሚሠሩት ጉድጓዶች ከተበላሹት ሥር ይደበቃሉ። ነጥቦቹን በዕጣ አደባልቃችሁ ሳሉ፣ መጠናቸውንም አሳንሱ።

ስለ መገኛ ቁጥሮቹ ትንሽ ልበል፣ ባልጠየቅም። ቀለሙ ትክክል ሆኖ ነጥቡ የተሳሳተ ቦታ ሊያርፍ ይችላል። አዲስ አበባ ወደ 9.03 ሰሜን፣ 38.74 ምሥራቅ ላይ ናት። ሁለቱ ቁጥሮች ከተገለበጡ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባሕር ውስጥ ትገባለች። ይህን ማንም ያያል። የማይታየው አዲንዳንና ደብሊውጂኤስ 84 የሚባሉት ሁለት የመገኛ መነሻዎች ሲቀላቀሉ ነው። ቦታን በሜትር በሚለካው ዩቲኤም በሚባለው ሥርዓት ልዩነቱ ከ200 ሜትር በላይ ነው። ለአገር ካርታ ግድ የለም፤ አንድን ጉድጓድ ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላ ቀበሌ ለማሻገር ግን ይበቃል። አገራችን በሦስት የዩቲኤም ቀጠና ማለትም በ36፣ 37 እና 38 ላይ የተዘረጋች ናት። የጋምቤላን ነጥብ እንደ 37 ብታነቡት ስድስት ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል።

ወደ ጣና ልመለስ። ያ የወርልድከቨር ዳታ ከራሱ የቀለም ሰንጠረዥ ጋር ነው የሚመጣው። ኪውጂአይኤስ ላይ በየእሴቱ ለብቻ የሚያቀልመውን አማራጭ ስትከፍቱት ዛፉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሐይቁ ሰማያዊ፣ ባሕር ዳር ቀይ፣ እርሻው ሮዝ ይሆናል። እርሻ እንዴት ሮዝ ይሆናል ብሎ የሚቆጣ ሰው አይጠፋም። ሮዙ የተመረጠው እርሻው ከዛፉ፣ ከሣሩና ከቁጥቋጦው ተለይቶ እንዲታይ ነው። ፎገራ ላይ አድርጋችሁ ክፈቱትና እርሻው የት አልቆ ረግረጉ የት እንደሚጀምር ተመልከቱ።