ከጎዳና የተነሡ ትንንሽ ውሾች የክብደት አያያዝ በሐዋሳ

ሐዋሳ ውስጥ ከጎዳና ተነሥቶ ቤት የገባ ትንሽ ውሻ በአብዛኛው በሁለት የክብደት ችግር ያልፋል፤ መጀመሪያ በክሳት፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ በውፍረት። ሁለተኛው እንደ ችግር አይቆጠርም። የጎን አጥንቱ ተቆጥሮ የመጣ ቡቺ ድቡልቡል ሲል ቤተሰቡ ይደሰታል፣ ጎረቤትም «ተመችቶታል» ይላል። የውሻ ውፍረት ግን የምቾት ምልክት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት 48 የላብራዶር ውሾችን ዕድሜ ልካቸውን ተከታትሎ፣ ከእኩዮቻቸው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ ያገኙት ወደ ሁለት ዓመት ገደማ የበለጠ እንደኖሩ አሳይቷል። የመገጣጠሚያ ሕመምም ዘግይቶ ነው የያዛቸው።

በክሳቱ ወቅት ትልቁ ስሕተት ቶሎ ማጥገብ ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ውሻ በአንድ ጊዜ ሳህን ሙሉ ሲቀርብለት በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት የተባለ ማዕድን በድንገት ወርዶ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግብ ትንሽ ትንሽ ሆኖ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይሰጣል። ክብ ሆድም ያታልላል፤ የጎን አጥንቱ እየታየ ሆዱ የተነፋ ቡችላ ብዙውን ጊዜ የሆድ ትል ይዞታል። ሴት ከሆነች እርጉዝ ልትሆን ትችላለች። የውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ወፈረች ተብላ ምግቧ የተቀነሰባት እናት ሁለት ወር ሳይሞላ ቡችሎቿን አሰልፋ ቤተሰቡን ታሳፍራለች። የትል መድኃኒትና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከማንኛውም የአመጋገብ ዕቅድ ይቀድማሉ።

ውሻው መወፈሩን ለማወቅ ከሚዛን በፊት እጅ ይሻላል። ጣቶችን በጎን አጥንቱ ላይ ማሳለፍ ነው። የተዘረጋ እጅ ጀርባ ላይ ያሉትን አጥንቶች እንደ መዳሰስ ከሆነ ደህና ነው፤ እንደ ተጨበጠ ቡጢ አንጓ ከጎላ ከስቷል፤ እንደ መዳፍ ሥጋ ከለሰለሰ ወፍሯል። ከላይ ሲታይ ወገቡ ገባ ማለት አለበት፣ ከጎን ሲታይ ደግሞ ሆዱ ወደ ኋላ ሰብሰብ ማለት። የእንስሳት ሐኪሞች ይህንኑ ከ1 እስከ 9 ባለው መለኪያ ይመዘግቡታል፤ ጥሩው ውሻ 4 ወይም 5 ያገኛል።

ሚዛኑን በተመለከተ ከተማው የራሱ መፍትሔ አለው። በየመንገዱ ሚዛን ዘርግተው መንገደኛ የሚመዝኑ ልጆች አሉ። ባለቤቱ ውሻውን ታቅፎ ይወጣል፣ ከዚያ ብቻውን ይመዘናል፣ ልዩነቱ የውሻው ነው። ልጁ መሳቁ አይቀርም፤ የሁለት ሰው ሒሳብ ቢጠይቅም አይፈረድበትም። የዚህ ዓይነት ሚዛን ግን ግማሽ ኪሎ ቢስት ማንም አያውቅም። ለ8 ኪሎ ውሻ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ማለት ለ64 ኪሎ ሰው 4 ኪሎ ማለት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን፣ በወር አንዴ መመዘን በየሳምንቱ ከመደናገጥ ይሻላል።

የምግቡ ሒሳብ እንዲህ ይሰላል። የውሻው ክብደት በኪሎ ተወስዶ በ0.75 ርቢ ያድጋል፣ ከዚያ በ70 ይባዛል። ወፍራም ውሻ የሚበላው ዛሬ ባለው ክብደት ሳይሆን ሊደርስበት በሚገባው ነው። 8 ኪሎ የሆነ፣ ግን 6 ኪሎ መሆን የነበረበት ውሻ በቀን ወደ 270 ኪሎ ካሎሪ ይበቃዋል። ይህ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለማየት 100 ግራም ዳቦ መመልከት በቂ ነው፤ ዳቦው ብቻውን ኮታውን ሊሞላ ምንም አይቀረው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከ110 ኪሎ ካሎሪ ያልፋል። የተኮላሸ ውሻ ደግሞ ፍላጎቱ ይበልጥ ይቀንሳል።

ችግሩ ታዲያ ሒሳቡ ላይ አይደለም። ውሻው ኮታውን ከሳህኑ ይበላል፣ ከዚያ ልጆቹ ከቁርሳቸው ይቆርሱለታል፣ ዘበኛው ከምሳው ያካፍለዋል፣ ማታ ደግሞ «የት እንደነበረ ታስታውሳላችሁ?» ተብሎ ይጨመርለታል። ተረቱ ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላል፤ ይህኛው ሰው በሚበላበት ሁሉ መጮህ ይለምዳል። ከሁሉም የሚሠራው ዘዴ የጣሳ ዘዴ ነው። የባዶ ቲማቲም ድልህ ጣሳ ታጥቦ ጠዋት የቀኑ ድርሻ ይሞላበታል፤ ማንም ለውሻው ሊሰጥ የፈለገ ከጣሳው ያወጣል፤ ጣሳው ባዶ ከሆነ ቀኑ አልቋል። መጎራረስ የፈለገ ልጅ ይጎርሳል እንጂ አያጎርስም።

ጣሳው ውስጥ ምን ይገባል? የታሸገ የውሻ ምግብ ውድ ስለሆነ አብዛኛው ቤት ያበስላል። ሳንባ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ስቡ ትንሽ ነው። ሆኖም በደንብ ካልተቀቀለ አይሰጥም። በከብትና በበግ ሳንባና ጉበት ውስጥ የሚገኙ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች የትል እጭ ይይዛሉ፤ ጥሬውን የበላ ውሻ እንቁላሉን በዓይነ ምድሩ ወደ ሰው ያስተላልፋል። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚገዛ ዓሣም ተቀቅሎ እሾሁ ከተለቀመ ከሥጋ አያንስም፤ ራሰ በራዎቹ ትልልቅ ወፎች የሚሻሙበትን ጥሬ ሆድ ዕቃ ግን ለእነርሱ መተው ነው። ሆድ ለመሙላት ዱባ፣ ካሮትና ያለ ቅቤ የተቀቀለ ጎመን ይጨመራሉ። ሥጋና እህል ብቻ ካልሲየም ስለሚጎድለው የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ጥቂት ይነሰነሳል፤ መጠኑን ሐኪም ይወስናል።

የወጥ ትርፍራፊ ከእነዚህ ውስጥ የለም። ምክንያቱ ቅመሙ ብቻ ሳይሆን ሽንኩርቱ ነው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል፤ መብሰሉም መርዙን አያጠፋውም። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ጉዳት ያደርሳል። ለ6 ኪሎ ውሻ ይህ ከ90 ግራም፣ ማለትም ከአንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ይጀምራል። ዶሮ ወጥ ስንት ራስ እንደሚፈጅ ለአበሻ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። በጾም ሽሮና ዳቦ፣ በፋሲካ ስብና አጥንት፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፊቼ ጨምበላላ ደግሞ ቅቤ የጠጣ የእንሰት ምግብ የሚቀርብለት ውሻ ሆዱ አብሮ ይዋዥቃል። በተለይ ከጾም በኋላ የሚመጣው ድንገተኛ ስብ ቆሽቱን ሊያስቆጣ ይችላል። በበዓል ማግስት የሚያስመልስ፣ ደረቱን መሬት አስነክቶ ቂጡን ወደ ላይ የሚያነሣ ውሻ እየተንጠራራ ላይሆን ይችላልና ወደ ክሊኒክ ይወሰድ።

እንቅስቃሴ ጡንቻውን ይጠብቃል፣ ጠባዩንም ያረጋጋል፤ ክብደት መቀነሱን ግን ለእርሱ ብቻ መተው አይቻልም። ውሻ በእግር ሲጓዝ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በኪሎ ሜትር አንድ ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያወጣል። የ8 ኪሎው ውሻ የዚያችን የአንድ ማንኪያ ቅቤ ዕዳ ለመክፈል ከሐዋሳ ተነሥቶ የሻሸመኔን መንገድ ማጋመስ አለበት።

ያም ሆኖ የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻው ፍቅር ሐይቅ ለጉዞ የተመቸ ነው። ሰዓቱ ማለዳ ወይም አመሻሽ ነው። ውሻ ሙቀትን የሚያወጣው በማለክለክ ሲሆን፣ ወፍራም ውሻ ደግሞ ቶሎ ይግላል። የእጅን ጀርባ አስፋልት ላይ ሰባት ሰከንድ ማቆየት ካልተቻለ ለመዳፉም አይሆንም። በሌላ አገር ለወፍራም ውሻ ዋና ይመከራል፤ እዚህ ግን ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ አለ፣ ተከትሎ ለሚገባው ሰውም ቢልሃርዚያ አለ። በየማዕዘኑ የሚጠብቁት የሰፈር ውሾችም የራሳቸው ሕግ አላቸውና ገመዱ አጭር ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ እየጨመሩ ግማሽ ሰዓት መድረስ በቂ ነው።

ጤናማው ፍጥነት በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ መቀነስ ነው፤ ለ8 ኪሎ ውሻ ከ80 እስከ 160 ግራም። ውሻው እየቀለለ ሲሄድ ግራሙም ስለሚያንስ፣ ሁለቱ ትርፍ ኪሎዎች እስኪወርዱ ከሦስት ወር ተኩል እስከ ሰባት ወር ይፈጃል። ጣሳው በትክክል እየተሞላ ሁለት ወር አልፎ ሚዛኑ ካልተነቃነቀ፣ የታይሮይድ ወይም የአድሬናል ዕጢ ችግር ሊኖር ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን ዘበኛውን መጠየቅ አይከፋም።