የሕያው አካል መለኪያዎች፦ ሲቀርቡም ሲርቁም ጣጣ

እንስሳን አስረን የልብ ምቱን ብንለካ የምናገኘው የታሰረ እንስሳ የልብ ምት ነው። የሕያው አካልን አሠራር የሚያጠናው ፊዚዮሎጂ ከዚህ ጣጣ ጋር ሲታገል ኖሯል። መሣሪያው ሲቀርብ የሚለካውን ይረብሻል፤ ሲርቅ ደግሞ ምልክቱን እንጂ ነገሩን ራሱን አያሳይም።

ሆላንዳዊው ቪለም አይንቶቨን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የሠራው የልብ ኤሌክትሪክ መለኪያ 270 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። ለማሠራት 5 ሰው ይፈልጋል። ተመርማሪው ሁለት እጁንና አንድ እግሩን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ ቁጭ ይላል። ዛሬ ይኸው ሥራ ባሕር ውስጥ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ካሊፎርኒያ ጠረፍ ላይ ያሉ ተመራማሪዎች እንደ ዋግምት የሚጣበቅ መለኪያ በረጅም ዘንግ አድርገው ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ላይ ለጠፉ። መለኪያው ተንሸራቶ ግራ ክንፉ አጠገብ፣ ልቡ ጋ ቆመላቸው። ዕድልም ታክሎበታል እንግዲህ። እንስሳው ሲጠልቅ ልቡ በደቂቃ እስከ 2 ጊዜ ብቻ የሚመታበት ሰዓት አለ። ለመተንፈስ ሲወጣ ግን እስከ 37 ይደርሳል።

ወደ አንዲት ሴል ስንወርድ ነገሩ ይረቅቃል። ጀርመናውያኑ ተመራማሪዎች ኤርቪን ኔኸርና በርት ሳክማን እ.ኤ.አ. በ1976 ያስተዋወቁት ‹ፓች ክላምፕ› ጫፏ 1 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነች የመስታወት ቱቦ ነው። ቱቦዋ የሴሉ ሽፋን ላይ ታርፋለች፤ በቀስታ አየር ሲሳብባት ድርቅ ብላ ትጣበቃለች። ከዚያ ሽፋኑ ላይ ባለች በአንዲት የአዮን (ኤሌክትሪክ የያዘ ቅንጣት) በር የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት ይነበባል። መጠኑ የአንድ አምፔር ትሪሊዮንኛ እጆች ነው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1991 ኖቤል ተሸለሙ። ግን ዘዴው እጅ ያደክማል፤ ጠረጴዛው ትንሽ ከተነቃነቀ አለቀ፣ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው።

ሌላው መንገድ ሴሉ ራሱ እንዲናገር ማድረግ ነው። ከጄሊፊሽ በተገኘ አብሪ ፕሮቲን ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ‹ጂካምፕ› የነርቭ ሴል የኤሌክትሪክ ምት ሲያወጣ በውስጡ ካልሲየም ስለሚጨምር ያኔ ደመቅ ይላል። በአንድ ጊዜ ብዙ ሴሎችን ማየት ይቻላል። ችግሩ የነርቭ ምቱ በ1 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲያልቅ ብርሃኑ ከዚያ በጣም ዘግይቶ መጥፋቱ ነው። ተመራማሪው ከብርሃኑ ተነሥቶ ምቱን ወደ ኋላ ያሰላል።

የጣት ኦክስጅን መለኪያም እንዲሁ ስሌት ነው። ቀይና ከቀይ በታች ያለ (ዓይን የማያየው) ብርሃን ጣት ውስጥ አሳልፎ የደሙን ኦክስጅን ይገምታል። ብርሃኑ ታዲያ ቆዳውንም ያቋርጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ መሣሪያው ሳያየው ያለፈው የኦክስጅን እጥረት በጥቁር ታካሚዎች ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ይበዛ ነበር።