አዲስ አበባ ዳር ደጅ ሲታደር፦ ቁንጫ፣ ጉንዳን፣ መዥገርና ቢምቢ

በአዲስ አበባ ዙሪያ ደጅ መሬት ላይ የሚያድር ሰው ቀላል አይደለም። እንጦጦ ለጸበል የመጣ አለ፣ ጅምር ህንጻ የሚጠብቅ ዘበኛ አለ፣ ሱሉልታ ከብት ይዞ የሚያድር እረኛ፣ ገላን ሳይት ላይ ሸራ ወጥሮ የሚተኛ የቀን ሰራተኛ፣ አሁን አሁን ደሞ ድንኳን ይዘው መናገሻ ሱባ ጫካ ለካምፒንግ የሚሄዱ ልጆች። ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ቢምቢ ነው፣ ግን እዚህ ደጋው ላይ እንቅልፍ የሚነሳው ከስር የሚመጣው ነው፣ ስለዚ ቅባት ከመግዛት በፊት የሚተኙበትን መሬት ማየት ይቀድማል።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። ከተማዋ በአብዛኛው ከ2,200 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ አናቱ ላይ ደሞ 3,000 ያልፋል፣ ሌሊቱ ስለሚበርድ ለወባ ትንኝ አይመችም፤ በአገራችን ወባ በብዛት ያለው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ከተማው ውስጥ ጆሮ ስር ሲጢጥ የምትለው ቢምቢ አብዛኛውን ጊዜ ከቦይና ከቆሻሻ ውሃ የምትፈለፈል ሌላ ዘር ናት፣ ወባ አታስተላልፍም። ነገሩ የሚቀየረው በአቃቂ አድርገው ወደ ዱከምና ቢሾፍቱ ሲወርዱ ነው። እዛ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታህሳስ ባለው ጊዜ ያለ አጎበር ሜዳ ላይ ማደር አይገባም። የወባዋ ትንኝ ደሞ ሰው እስኪተኛ አትጠብቅም፣ ከመሸ ጀምሮ ደጅ እሳት ዳር የተቀመጠውንም ትነክሳለች፣ ስለዚ እጅጌ ረጅም ልብስና ካልሲ ማታውኑ ነው የሚለበሰው።

ወደ ቁንጫው ስንመጣ፣ ክንፍ የለውም፣ የሚዘለው ወደ ላይ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ግን ትዕግስተኛ ነው፣ ገና ሳይወጣ ሽፋኑ ውስጥ እንዳለ ለወራት መቆየት ይችላል፣ ከዛ የሰው ኮቴ ሲሰማው፣ ሙቀትና ትንፋሽ ሲደርሰው ይወጣል። ሰው የለቀቀው ጎጆ ውስጥ ወይ በግና ውሻ ሲተኛበት የከረመ ጥግ ላይ ያነጠፈ ሰው በአንዴ የሚወረረው ለዚህ ነው። ስለዚ ከበረትና ከከብት ማደሪያ ራቅ ማለት፣ ደረቁን ሳርና አቧራውን ጠርጎ ማንሳት፣ ከስር ፕላስቲክ ወይ ሸራ ማንጠፍ። ሳይት ላይ ያሉ ሰዎች ፓሌት ደርበው ከመሬት ሁለት ስንዝር ከፍ ብለው ቢተኙ ትልቅ ለውጥ አለው፣ ግን ብርድ ልብሱ ጫፉ መሬት ከነካ በሱ ተንጠላጥሎ ይወጣል። ቁርበትና ጋቢም በየቀኑ ጸሀይ ላይ ተሰጥቶ መራገፍ አለበት።

ጉንዳን ሌላ ነው። ዝናብ ሲጥል በሰልፍ ይንቀሳቀሳል፣ ማታ መንገዱ ላይ የተኛ ሰው ካገኘ ልብስ ውስጥ ገብቶ ነው የሚነክሰው። በመኝታው ዙሪያ አመድ መበተን የቆየ ዘዴ ነው፣ ይሰራልም፣ ግን አመዱ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ነው፣ ካፊያ ካረጠበው ዋጋ የለውም። ሰልፉ ከመጣ መታገል ሳይሆን ተነስቶ ቦታ መልቀቅ ነው የሚሻለው፣ ራሱ ያልፋል።

መዥገር ከብት ከሚግጥበት ረጅም ሳር ነው የሚይዘው። ሱሪን ካልሲ ውስጥ ማስገባት፣ ጠዋት ብብት፣ ብሽሽትና ከጆሮ ጀርባ መፈተሽ፤ ከተገኘ በወረንጦ ቆዳው ድረስ ተጠግቶ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። በክብሪት መለብለብ ወይ ቫዝሊን መቀባት አያስፈልግም፣ እንዲያውም ይጎዳል።

ጭሱስ? የወይራ ቅጠል፣ እርጥብ ባህር ዛፍ፣ ኩበት ይጨሳል፣ ቢምቢን ጭሱ እስካለ ድረስ ያርቃል፣ ለቁንጫ ግን አይሆንም። ድንኳን ውስጥ ግን ከሰል ይዞ መግባት በፍጹም፣ ሰው ይገድላል። ከፋርማሲ የሚገዛው ዲት (ቢምቢ የሚያርቅ ኬሚካል) ያለበት ቅባት ጥሩ ነው፣ ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ስለሚሰራ ሌሊቱን ሙሉ በሱ መተማመን አይቻልም። አጎበር በገመድ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ጫፉ ምንጣፉ ስር ይገባል፣ ገላ ከተጠጋበት ቢምቢዎቹ በቀዳዳው ይነክሳሉ።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ለእህል የተሰራ ጸረ ተባይ ዱቄት ብርድ ልብስ ላይ የሚነሰንሱት ወይ ላምባ ገላቸውን የሚቀቡት ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ መርዝ እየተነፈሱ ማደር ማለት ነው፣ ህጻን አብሮ ካለ ደሞ ይብሳል፣ ላምባውም ቆዳ ይልጣል፣ እሳት አጠገብም ነው ያሉት። እባካችሁ ይሄን ተዉ።

ሰው በብርድ ተጠጋግቶ በሚያድርበት፣ በተለይ በክረምት፣ የልብስ ቅማልም አለ። የሚኖረው ስፌቱ ውስጥ ነው፣ ሰውነት ቢታጠብ ልብሱ ካልተቀየረ አይጠፋም። ልብሱን በጣም በሞቀ ውሃ ማጠብ፣ ስፌቱን በካውያ መተኮስ ያጠፋዋል። ትኩሳት ይዞ፣ ለቆ፣ ከቀናት በኋላ ካገረሸ ግን ብርድ ነው ብሎ መተኛት አይደለም፣ ቅማሉ የሚያመጣው በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ጤና ጣቢያ በደም ምርመራ ያዩታል፣ በአንቲባዮቲክ ይድናል።