ኦፕቲካል ሞዱሌተር ምንድን ነው? ከመሠራቱ በፊትስ ለምን በኮምፒውተር ይሞከራል?

ቸርችል ጎዳና ግራና ቀኝ ካሉት ቢሮዎች የሚላክ ደብዳቤም ሆነ ቪዲዮ ከኮምፒውተር ሲወጣ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። በጅቡቲ በኩል ወደ ባሕር ሥር ገመድ ሲገባ ግን ብርሃን ሆኗል። የኤሌክትሪኩን መልእክት በብርሃን ላይ የሚያሳርፈው መሣሪያ ኦፕቲካል ሞዱሌተር ይባላል።

የብርሃኑን ምንጭ፣ ሌዘሩን ራሱን፣ ማብራትና ማጥፋት አይቀልም? ለአጭር ርቀት ይቀላል፤ ይሠራበታልም። ነገር ግን ሌዘር በፍጥነት ሲበራና ሲጠፋ የብርሃኑ ቀለም ይዋዥቃል። የተለያዩ ቀለማት በፋይበር (ብርሃኑ በሚጓዝበት ቀጭን የመስታወት ክር) ውስጥ እኩል ስለማይጓዙ ምልክቱ መንገድ ላይ ይዘረጋል፣ ይደበዝዛል። ስለዚህ ረጅም መንገድ ለሚሄድ መልእክት ሌዘሩ ሳይቋረጥ ይበራል፤ መቆጣጠሩ ለሞዱሌተሩ ይተዋል።

በብዛት የሚታወቀው ማክ-ዜንደር የተባለው ዓይነት ነው። ብርሃኑ ለሁለት ተከፍሎ ሊቲየም ናዮቤት በተባለ ክሪስታል ውስጥ በሁለት ጎን ለጎን መንገዶች ያልፋል። ክሪስታሉ ቮልቴጅ ሲያርፍበት ብርሃን በውስጡ የሚጓዝበት ፍጥነት በጥቂቱ ይለወጣል፤ ይህን ባሕርይ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍሪድሪክ ፖክልስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1893 አጥንቶታል። ሁለቱ ጨረሮች ተመልሰው ሲገናኙ ሞገዶቻቸው ከገጠሙ ብርሃን ይወጣል፤ የአንዱ ከፍታ የሌላው ዝቅታ ላይ ካረፈ ይጣፋሉ።

እስከዚህ ድረስ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። ጣጣው የሚጀምረው ፍጥነት ሲጨምር ነው። ኤሌክትሪኩም ሞገድ ሆኖ ከብርሃኑ ጋር በክሪስታሉ ላይ ይጓዛል፤ ሁለቱ ግን እኩል አይሄዱም። ምንም ማስተካከያ ካልተደረገ ኤሌክትሪኩ የብርሃኑን ግማሽ ያህል ፍጥነት ብቻ ይኖረዋል፦ ከለገሃር አብረው ተነሥተው አንዱ ፒያሳ ሲደርስ ሌላው ገና ጥቁር አንበሳ እንደሚሆን ማለት ነው። በ2 ሴንቲሜትር ርዝመት ልዩነቱ 130 ፒኮሰከንድ ገደማ ይሆናል (አንድ ፒኮሰከንድ የሰከንድ ትሪሊዮንኛ ነው)። በሰከንድ 10 ቢሊዮን ቢት (የመልእክቱ ትንሿ አሃድ፣ 0 ወይም 1) በሚላክበት ጊዜ የአንድ ቢት ዕድሜ 100 ፒኮሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ ኤሌክትሪኩ የሚያገኘው የራሱን ብርሃን ሳይሆን የሚቀጥለውን ነው።

መድኃኒቱ በኤሌክትሮዱ (ኤሌክትሪኩን በሚሸከመው ብረት) እና በክሪስታሉ መካከል ስስ የሲሊካ (የመስታወት ዓይነት) ንጣፍ ማኖርና ኤሌክትሮዱን ማወፈር ነው። ግን ምን ያህል? ንጣፉ ከወፈረ ፍጥነቱ ይስተካከላል፣ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ግን ይጨምራል። ይህን ድርድር ለመጨረስ ነው የኮምፒውተር ሞዴል የሚያስፈልገው። መሣሪያው በአግድም ቢቆረጥ የሚታየው ገጽታ ወደ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ የማክስዌል እኩልታዎች (የኤሌክትሪክ፣ የማግኔትና የብርሃን ሕጎች) ለእያንዳንዱ ይፈታሉ፤ ውፍረቱ ተቀይሮ ስሌቱ ይደገማል። በእኔ ግምት ለአምስት ኪሎ ተማሪ የዚህ መስክ ትልቁ ጸጋ ይኸው ነው፦ ክሪስታል የሚቀረጽበት ከአቧራ የጸዳ ክፍል እጅግ ውድ ነው፤ ስሌቱን ግን ደህና ኮምፒውተር ይወጣዋል።

ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ግን የተነገረውን ብቻ ነው። በሥዕሉ ላይ የብርሃኑ መተላለፊያ ግድግዳ ፍጹም ልሙጥ ነው፤ ሲቀረጽ ሻካራ ይሆንና ብርሃን ያባክናል። ስለዚህ የብክነቱ ቁጥር ተሠርቶ ከተለካ ናሙና ተወስዶ ወደ ሞዴሉ ይገባል።