በሳይኮአናሊሲስ ሕክምና «ትርጓሜ» ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ቴራፒስት ማለት የሆዳችንን አውቆ ቁጭ አድርጎ የሚነግረን ሰው ይመስለዋል። «ህልም እንደ ፈቺው» ሲባል ሰምተን ስላደግን አይፈረድብንም። በሳይኮአናሊሲስ፣ ማለትም ሳናውቀው በውስጣችን ያለውን ስሜትና ሐሳብ በንግግር በሚመረምረው የሥነ ልቦና ሕክምና ግን፣ ትርጓሜ ግምት ነው። ቴራፒስቱ ብዙ ካዳመጠ በኋላ፣ እናንተ ያላያያዛችኋቸውን ሁለት ነገሮች አያይዞ «እንዲህ ይሆን?» ይላችኋል።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት ሴት አለች እንበል። አንዳንዴ ለቀጠሮዋ ግማሽ ሰዓት ታረፍዳለች፤ ምክንያቷ ሁሌም ታክሲ ነው። የዚያን ሰፈር የጠዋት ሰልፍ የሚያውቅ ሰው «ታክሲው ሰበብ ነው፣ ከእኔ እየሸሸሽ ነው» ቢላት ድፍረት ነው። የሳይኮአናሊሲስ መሥራች ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1910 እንዲህ ያለውን ችኮላ «ያልተገራ» ሳይኮአናሊሲስ ብሎ ተችቶታል፤ ለታካሚ የማያውቀውን ነገር ዝም ብሎ መንገር፣ በረሃብ ጊዜ የምግብ ዝርዝር እንደማደል ነው ብሏል።

ጥሩ ቴራፒስት ይጠብቃል። ቆይቶ የምታረፍደው መቼ እንደሆነ ያስተውላል፦ ስለ ሟች አባቷ አውርታ ካለቀሰች፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ታረፍዳለች። ያኔ «ታክሲው እንዳለ ሆኖ፣ ባለፈው ካለቀስሽ በኋላ እዚህ መምጣቱ ከብዶሽ ይሆን?» ይላታል። ትርጓሜ ማለት ይሄ ነው።

«አዎ» ብትል ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም። ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1937 እንደጻፈው የታካሚው «አዎ»ም «አይደለም»ም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እኛ ጋ ደግሞ ይሉኝታ አለ፤ ሐኪም ላለማስቀየም ራሳችንን እንነቀንቃለን። (እባካችሁ፣ ቴራፒስታችሁ ያለው ካልመሰላችሁ እዚያው ንገሩት፤ ለሕክምናው የሚጠቅመው እሱ ነው።) ዋናው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው። ትንሽ ዝም ብላ «የመጀመሪያ ልጅ ስለሆንኩ ለቀስተኛ ሳስተናግድ ነው የሰነበትኩት፣ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብዬ እንኳ አላለቀስኩም» ካለች፣ ግምቱ አንድ ነገር ነክቷል። ምንም ካልተከተለ ቴራፒስቱ ግምቱን መተው አለበት።

እንግሊዛዊው ሳይኮአናሊስት ጄምስ ስትሬቺ እ.ኤ.አ. በ1934 ሰውን ይበልጥ የሚለውጠው ትርጓሜ አሁን፣ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በታካሚውና በቴራፒስቱ መካከል ያለውን ስሜት የሚነካው ነው ብሎ ጽፏል። እኔም በዚህ አምናለሁ። ሴትየዋ «ሳለቅስ ካየኝ ይንቀኛል» ብላ ፈርታ ከሆነና ይህ በግልጽ ከተነገረ፣ የፈራችው ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጧል፤ እንዳልናቃት ደግሞ ራሷ ማየት ትችላለች።